ድንገተኛ ወጪና የሰው ሐቅ



ቤት አከራይ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ፎቅ የሠራ፣ መኪና የሚነዳ፣ የወር መጀመሪያን በደስታ የሚጠብቅ ባለጸጋ ነው። በከተማችን በአዲስ አበባ ግን ሌላ ዓይነት አከራይም አለ። ከዋናው ቤት ጀርባ ሦስት ወይም አራት የሰርቪስ ክፍሎች ያሉት፣ ከተከራዮቹ ጋር በአንድ የግቢ በር የሚገባና የሚወጣ፣ ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳ፣ ከኪራዩ በሚያገኘው ገንዘብ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያና የወሩን አስቤዛ የሚሸፍን ሰው ነው። እኛም ከእነዚህ አንዶቹ ነን። እኛ ስንል ባልና ሚስቱን ማለታችን ነው፤ ከዚህ በታች የምንተርከው ስሕተት የሁለታችንም ስለሆነ ‹‹እሱ ነው››፣ ‹‹እሷ ናት›› መባባሉን ትተነዋል።

ቤታችን ኮልፌ ነው። የጭቃ ቤት ሆኖ የተሠራው ዋናው ቤት ዕድሜው ከልጆቻችን ዕድሜ ይበልጣል። ከኋላው ያሉትን አራት ክፍሎች ያሠራነው ዕቁብ በደረሰን ገንዘብና በብዙ ቁጠባ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ጡረታ ሲወጣ የቤቱ ዋና መተዳደሪያ ኪራዩ ሆነ። አራቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው በወር 4 ሺህ ብር ይከራያሉ። በአንደኛው አዲስ ተጋቢዎች፣ በሁለተኛው መርካቶ ሱቅ ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች፣ በሦስተኛው አንድ መምህር፣ በአራተኛው ደግሞ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች እያስረከበች ሁለት ልጆቿን የምታሳድግ እኅታችን ትኖር ነበር። የዛሬው ጽሑፋችን በይበልጥ የሚመለከተው ይህችን እኅታችንን ነው።

ክረምት ድንገተኛ ነውን?

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ዝናቡ ሲጠነክር ሦስት ችግሮች ተከታትለው መጡብን። በመጀመሪያ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ግቢው መመለስ ጀመረ፤ መጣጭ መኪና ጠርተን 3 ሺህ 500 ብር ከፈልን። ሳምንትም ሳይቆይ የመምህሩ ክፍል ጣራ አፈሰሰ። ኮርኒሱ ረጥቦ በመጻሕፍቱ ላይ ወረደ። ቆርቆሮውን የያዙት ሚስማሮች ዝገው፣ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ኖሯል፤ የተበላውን ቆርቆሮ ለመለወጥና ኮርኒሱን ለማደስ 14 ሺህ ብር ወጣ። በሐምሌ ደግሞ ወደ ሰርቪሱ የሚሄደው የመብራት ሽቦ መጋጠሚያው ላይ ቀለጠ፤ እሳት ሳይነሣ መድረሳችን የአላህ እዝነት ነው። ሽቦው መጀመሪያ የተዘረጋው ለጥቂት አምፖሎች ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት ያህል ይስባል። ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። በዚያ ላይ ምድጃው፣ ካውያውና የውኃ ማፍያው ሲጨመሩ ቀጭኑ ሽቦ እንዴት ይቻለው? ወፍራም ሽቦ ለማስዘርጋትና ለምጣዱ የራሱን ብሬከር ለማስገባት 9 ሺህ ብር ከፈልን።

በሁለት ወር ውስጥ 26 ሺህ 500 ብር መሆኑ ነው። በእጃችን የነበረው ከዚህ እኩሌታውን የሚሞላ አልነበረም። ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ ላለመግባት ከዘመድ ተበደርን። በየሄድንበትም ‹‹ድንገተኛ ወጪ ገጠመን፣ ምን እናድርግ!›› እያልን አማረርን። 

ነገር ግን አንድ ቀን ቁጭ ብለን ስናስበው አፈርን። ክረምት በየዓመቱ በሰኔ መምጣቱን ማን አያውቅም? ጉድጓድ የሚሞላ፣ ብረት የሚዝግ፣ ሽቦ የሚያረጅ መሆኑን ለማወቅስ መሐንዲስ መሆን ያስፈልጋልን? ድንገተኛ የሆነው ቀኑ ብቻ ነው እንጂ ወጪው አልነበረም። ባለፉት ዓመታት ኪራዩን በተቀበልን ቁጥር ከላዩ ላይ የቤቱ ድርሻ የነበረውን ገንዘብ አብረን እየበላነው ኖረናል። አባቶቻችን ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ያሉት ለእንደ እኛ ዓይነቱ ነበር። 

ይህንን ማወቃችን መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ወደ ሥራ ሳይለወጥ፣ ዕዳውም ሳያልቅ ሌላ ፈተና ላይ ወደቅን። ሰው ኪሱ ሲጎድል ትዕግሥቱም አብሮ ይጎድላልና በዚህኛው ፈተና ያጠፋነው ገንዘብ ብቻ አልሆነም።

ሂሳቡን በማን ላይ ጣልነው?

በግቢያችን ያለው የውኃ ቆጣሪ አንድ ነው። በወር ይመጣ የነበረው ሂሳብ 700 ብር ገደማ ሲሆን በሰው ቁጥር እየተካፈልን እንከፍል ነበር። በ2017 ዓ.ም. የኅዳር ሂሳብ 1 ሺህ 600 ብር ሆኖ መጣ። ደነገጥን፤ ግን ከፈልን። የታኅሣሡ 2 ሺህ 300፣ የጥሩ ደግሞ 2 ሺህ 400 ብር ሆነ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ውኃ ማን አፈሰሰው? ዓይናችን ወዲያው ያረፈው በእንጀራ ጋጋሪዋ ላይ ነበር። ሊጥ ታቦካለች፤ ድስትና ቡሃቃ ታጥባለች፤ ውኃ በሚመጣበት ቀን ሁለት በርሜል ትሞላለች። ምጣዷ ባለፈው ክረምት ሽቦውን አቃጥሎብናል የሚል ቂምም በልባችን ሳይኖር አልቀረም። ሽቦው የቀለጠው ለምጣድ የማይሆን ሽቦ ዘርግተን፣ ምጣድ እንዳላት እያወቅን ስላከራየናት እንደነበረ በዚያን ጊዜ ለማሰብ አልፈለግንም።

አንድ ቀን ማታ ተከራዮቹ ሁሉ ባሉበት በረንዳ ላይ ሆነን፣ ‹‹ውኃውን የምታባክነው ማን እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ›› አልን። ስም አልጠራንም፤ ይሁን እንጂ የሁሉም ዓይን ወደ እርሷ ዞረ። ከተለመደው በላይ ከመጣው ሂሳብ ግማሹን እርሷ ብቻዋን እንድትከፍል፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ እኛና ሦስቱ ክፍሎች እንድንካፈል ወሰንን። ‹‹እትዬ፣ እኔ ከድሮው የተለየ ውኃ አልተጠቀምኩም፤ የምጋግረው ያንኑ ያህል ነው›› ብላ ነበር። አላመንናትም። የሦስቱ ወር ከተለመደው በላይ የመጣው ሂሳብ 4 ሺህ 200 ብር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 2 ሺህ 100 ብሩን እንጀራ ሸጣ ከፈለችን።

በጥር መጨረሻ ‹‹ሌላ ቤት አግኝቻለሁ›› ብላ ዕቃዋን በአይሱዙ ጭና ወጣች። ስትሄድ አልተጣላችንም፤ ቁልፉን ጠርጋ ባጸዳችው ክፍል መስኮት ላይ አስቀምጣልን ሄደች። እኛም እውነቱን ለመናገር እፎይ አልን። ‹‹ከእንግዲህ ሂሳቡ ወደ ድሮው ይመለሳል›› ተባባልን። 

የየካቲት ሂሳብ መጣ፤ 2 ሺህ 500 ብር ነበር። ክፍሉ ባዶ ነው። ምጣድ የለም፤ ሊጥ የለም፤ በርሜልም የለም። ሂሳቡ ግን ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ።

የሌሊቱ ፈተና

ወሩ ረመዳን ነበር። ስለ ቧንቧ የሚያውቅ አንድ ጎረቤታችንን ስናማክረው ማንኛውም ቤተሰብ በራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ቀላል ፈተና ነገረን። ለአንባቢም ይጠቅማልና እንደሚከተለው እናቀርበዋለን።

ውኃ በሚመጣበት ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በግቢው ያሉ ቧንቧዎች በሙሉ ይዘጋሉ። ሮቶ ካለ ሞልቶ ውኃ መሳቡን እስኪያቆም ይጠበቃል። ከዚያም በቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር በወረቀት ይጻፋል። በብዙ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብን፣ ቀዮቹ ደግሞ ከዚያ በታች ያለውን ልክ ያሳያሉ። ማንም ሰው ውኃ ሳይከፍት ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቁጥሩ እንደገና ይታያል። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ከቆጣሪው ወዲህ፣ ማለትም በባለቤቱ መስመር ላይ ውኃ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።

ከተራዊሕ መልስ ሁሉንም ቧንቧ ዘጋግተን፣ ተከራዮቹም ውኃ እንዳይከፍቱ ለምነን ቁጥሩን ጻፍን። ለሱሑር ስንነሣ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ መሆኑ ነው፣ በባትሪ መብራት አየነው። 240 ሊትር ሄዷል! በ20 ሊትር ጀሪካን ብንቆጥረው 12 ጀሪካን መሆኑ ነው፤ ማንም ሳይጠጣው፣ ማንም ሳይታጠብበት።

ነገሩን በሂሳብ ስናሰላው በደቂቃ አንድ ሊትር ነው። አንድ ሊትር በደቂቃ ለዓይን ኢምንት ትመስላለች። በቀን ግን 1 ሺህ 440 ሊትር፣ በ30 ቀን ደግሞ 43 ሜትር ኩብ ያህል ትሆናለች። ውኃ በፈረቃ ባይሆን ኖሮ ሂሳባችን ከዚያም በላይ በሆነ ነበር። በዚያ ላይ የውኃ ታሪፍ እንደ መብራቱ ሁሉ ደረጃ በደረጃ ስለሚጨምር ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ከፍ ይላል። ‹‹እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ›› የሚባለው ተረት እውነትነቱን ያየነው በራሳችን ግቢ ነው።

በማግሥቱ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። የት ተገኘ መሰላችሁ? ከእኛው ከዋናው ቤት ግድግዳ ሥር፣ ከሲሚንቶው ወለል በታች! የብረቱ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ዝጎ ተበስቷል። የዚያ ግድግዳ እግር ከጥቅምት ጀምሮ ይረጥብ ነበር። ዝናብ ካቆመ ከወር በላይ ሆኖት ሳለ ‹‹የክረምቱ እርጥበት ነው›› ብለን ምንጣፍ አንጠልጥለንበት ነበር። ምስክሩ በራሳችን ሳሎን ቆሞ ሳለ እኛ ግን ጥፋተኛ የምንፈልገው በሰው ክፍል ውስጥ ነበር።

ሠራተኛው ‹‹የተበሳውን ብቻ መድፈን ይቻላል፤ ግን ሌላው መገጣጠሚያም ከዚህ የተሻለ አይደለም›› አለን። ደግሞ ላለመቆፈር ከቆጣሪው እስከ ሰርቪሱ ያለውን መስመር በፕላስቲክ ቧንቧ አስለወጥነው። ከነቁፋሮውና ከነሲሚንቶው 17 ሺህ 500 ብር ፈጀ። የሚቀጥለው ወር ሂሳብ ወደ 700 ብር ተመለሰ።

ሐቅን መመለስ

የቧንቧው ጥገና በሁለት ቀን አለቀ። የከበደን ሌላው ጥገና ነው። ጾመን፣ ሰግደን፣ ለድኻ አብልተን ስናበቃ የአንዲት የቲሞች እናት 2 ሺህ 100 ብር በቤታችን ተቀምጧል። በሚዛን ላይ ማጉደል ምን ያህል ከባድ ጥፋት እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው። ሚዛን ስንል ግን የምናስበው የሱቁን ሚዛን ነበር። የጋራ ሂሳብ የሚያካፍል አከራይም ሚዛን እንደያዘ፣ ቆጣሪውም እንደ ሚዛን አንድ አማና እንደሆነ ልብ አላልንም።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር አልነበረም። ሕግ የሚማረው የእኅታችን ልጅ እንዳስረዳን፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በየዕለቱ አገልግሎት የሚመጡ እንደ በር፣ መስኮትና የቧንቧ መክፈቻ ያሉ ትንንሽ ጥገናዎች በተከራይ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ብልሽቱ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣ ከሆነ ግን ተከራዩን አይመለከተውም። መሬት ውስጥ ተቀብሮ የዛገ ቧንቧ ከእርጅና ሌላ ምን ይባላል?

ለጥገናው ያወጣነውን ኪራይ በመጨመር ለማካካስም መንገድ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ እንጂ አከራዩ በቸገረው ቀን የሚደረግ አይደለም። አንዳንድ አከራዮች በዚህ ሲያማርሩ እንሰማለን። እኛ ግን አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከችግሩ በፊት ከኪራዩ ውስጥ መለየት አለበት እንጂ ከችግሩ በኋላ ከተከራይ ኪስ አይፈለግም።

እኅታችንን ለማግኘት እንጀራ ታስረክብለት የነበረውን ባለሱቅ ጠየቅን። ወደ ዓለም ባንክ አካባቢ መዛወሯን ነገረን። ከዒድ በፊት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሁለታችንም ሄድን። በመንገድ ላይ ተከራከርን፤ አንዳችን ‹‹የወሰድነውን ብቻ እንመልስ›› ስንል ሌላችን ‹‹በእኛ ምክንያት ለአይሱዙና ለደላላ ያወጣችውስ?›› አልን። በመጨረሻ ሁለቱንም በተለያየ ፖስታ ይዘን ገባን።

በሩን ስትከፍት ደነገጠች፤ የቀረ ሂሳብ ልንጠይቃት የመጣን መስሏት ኖሯል። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርናት። ዝም ብላ ሰማች። 2 ሺህ 100 ብሩን ቆጥራ ተቀበለች፤ ሁለተኛውን ፖስታ ግን መለሰችልን። ‹‹ጋሼ፣ ብርስ አላህ ይተካዋል›› አለች። ‹‹እኔን ያሳመመኝ ያን ዕለት በረንዳው ላይ ልጆቼ አጠገቤ ነበሩ። ትልቋ ከዚያ ወዲያ ውኃ በቀዳሁ ቁጥር ‹እማ፣ ይበቃል፣ ይቆጡናል› ትለኝ ጀመር። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ በሰዎቹ ፊት እንደተናገራችሁ በሰዎቹ ፊት መልሱልኝ።››

ገንዘብ ከመመለስ ይህ ይበልጥ እንደሚከብድ ያልደረሰበት አያውቀውም። በዚያው ሳምንት ተከራዮቹን ለኢፍጣር ጠራናቸው። ቴምሩ ከተበላና መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ ያንኑ በረንዳ ላይ ሆነን፣ ‹‹እኅታችን ውኃ አላባከነችም፤ የሚያፈሰው የእኛ ቧንቧ ነበር፤ በደልናት›› አልን። ለአፍታ ዝም ተባለ። ከወንድማማቾቹ ታናሹ ‹‹እኛም ምጣዷን ብቻ አይተን ፈርደንባት ነበር›› አለ። ለሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው በስሕተት የከፈሉትን 525 ብር መለስንላቸው። መምህሩ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ‹‹ሐቅህ ነው፣ ካልፈለግህ አንተው ስጠው›› ብለን አስያዝነው።

እኅታችን ወደ እኛ ቤት አልተመለሰችም። አዲስ ውል ገብታለች፤ ልጆቿንም እዚያው አካባቢ አስመዝግባለች። ሱቁ ዘንድ ስንገናኝ ሰላም ትለናለች፤ አንዳንዴ እንጀራዋን እንገዛለን። ከዚህ በላይ የመጠየቅ መብት ያለን አይመስለንም።

ዛሬ የምንሠራበት ደንብ

ከዚህ ሁሉ በኋላ በቤታችን አንዳንድ ደንብ አወጣን። እንደኛ ጥቂት ክፍሎች ለሚያከራዩ ቤተሰቦች ይጠቅም ይሆናል ብለን እናካፍላችኋለን።

አንደኛ፣ የቤቱን ድርሻ ከላይ እናነሣለን። ከአራቱ ክፍሎች በወር ከምናገኘው 16 ሺህ ብር ውስጥ አንድ አሥረኛውን፣ 1 ሺህ 600 ብር፣ ኪራዩ በገባበት ዕለት ከወለድ ነፃ ወደ ሆነ ሌላ የባንክ ሂሳብ እናስገባለን። በዓመት 19 ሺህ 200 ብር ይሆናል። በዚያ በክፉው ዓመት ለጥገና ያወጣነው 44 ሺህ ብር ስለነበር የአንድ ዓመቱ ቁጠባ ብቻውን ባልበቃ ነበር። ነገር ግን ሁልጊዜ ክፉ ዓመት አይመጣም፤ የደህናው ዓመት ቁጠባ ለክፉው ይተርፋል። ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› አይደል የሚባለው! ገንዘቡ የእኛ ሳይሆን የቤቱ ነው ብለን ስለተስማማን ለበዓልም ለልብስም አይነካም።

ሁለተኛ፣ ቆጣሪውን መሥሪያ ቤቱ እስኪያነብልን አንጠብቅም። በየሳምንቱ ጁሙዓ ጠዋት ልጃችን የውኃውንና የመብራቱን ቁጥር በደብተር ይጽፋል። ቁጥሩ ከወትሮው ሲዘል ወሩ ሳያልቅ እናውቃለን። ይህ ደብተር በኅዳር 2017 ዓ.ም. ቢኖረን ኖሮ እኅታችን ዛሬም ጎረቤታችን በሆነች ነበር።

ሦስተኛ፣ የመብራቱን ነገር ከግምት አውጥተናል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምር ስለሆነ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እያንዳንዱ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ሊከፍል ከሚችለው በላይ ይከፍላል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ስለተደረገ ነገሩ ይበልጥ ይሰማል። ስለዚህ ለየክፍሉ አነስተኛ የውስጥ ቆጣሪ አስገባን። ክፍፍሉም ቀላል ነው፤ ጠቅላላው ሂሳብ ለጠቅላላው ፍጆታ ይካፈልና በየክፍሉ ፍጆታ ይባዛል። ለምሳሌ ሂሳቡ 1 ሺህ 500 ብር፣ ፍጆታው 300 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን አንዱ 5 ብር ይመጣል፤ 80 የተጠቀመ 400 ብር ይከፍላል። ደረሰኙን በረንዳው ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ማንም ያየዋል። ከመብራት ወይም ከውኃ አንድ ብር ማትረፍን በራሳችን ላይ ከልክለናል።

አራተኛ፣ በግንቦት ወር ቤቱን ዞረን እናያለን። ጣራ ላይ ወጥተን ሚስማሩን፣ አሸንዳውንና ቆርቆሮውን እንመረምራለን፤ ጉድጓዱን ሳይሞላ እናስመጥጣለን፤ ሽቦና ብሬከር የሞቀበት ቦታ እንዳለ የመብራት ባለሙያ ያይልናል። ሠራተኛ ስንጠራ ዋጋውን ቢያንስ ከሁለት ሰው እንጠይቃለን፤ ዕቃውን ራሳችን እንገዛለን፤ የእጅ ዋጋውንም ሥራው ታይቶ እስኪያልቅ ከፍለን አንጨርስም። 

አምስተኛ፣ በውላችን ላይ የጥገናውን ነገር በግልጽ ጽፈናል። ጣራ፣ ግድግዳ፣ የመሬት ውስጥ ቧንቧ፣ ዋና ሽቦና ጉድጓድ የእኛ ነው። ተከራዩ በእጁ የሰበረው መስታወትና መክፈቻ የእርሱ ነው። አከራካሪ የሆነ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ምክንያቱ ይጣራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ገንዘብ የምንነጋገረው።

ገንዘቡ ከቁጠባው በላይ የሆነ ዕለትስ? ያን ጊዜም አንድ መንገድ አለ። ለተከራዮቹ ‹‹ይህ ይጠገናል፤ ለዚህን ያህል ሳምንት ታገሡን›› ብሎ እውነቱን መንገር፤ ከዘመድ ከወዳጅ በጽሑፍና በምስክር ተበድሮ በቀኑ መመለስ። አከራይ ገንዘብ የለኝም ቢል ነውር አይደለም። ነውሩ የራሱን ዕዳ በዝምተኛው ሰው ትከሻ ላይ መጫኑ ነው።

ወጣቶችም ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ ነገ ተከራይ ወይም አከራይ መሆናችሁ አይቀርም። ተከራይ ስትሆኑ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ወይም የሚረጥብ ግድግዳ ስታዩ ‹‹የእኔ ቤት አይደለም›› ብላችሁ አትለፉት፤ ቶሎ ተናገሩ። አከራይ ስትሆኑ ደግሞ ሂሳብ በዝቶ በመጣ ዕለት ወደ ሰው ክፍል ከመመልከታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ወደ ቆጣሪው ሂዱ።

ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ ምንጣፉን አንሥተነዋል። እርጥበቱ ደርቋል፤ የውኃው ምልክት ግን ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ቀለም ልናስቀባው ፈልገን ነበር፤ ለጊዜው ትተነዋል።